የእታለም ምጣድ

እታለም አክስቴ ናት። ሻሸመኔ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሆቴልና ለሱቅ ታስረክባለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም። እኔ ከአዲስ አበባ ስሄድ የምተኛበት ክፍል ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን፣ የምጣዱ ክዳን ሲነሳና ሲከደን እየሰማሁ ነው የሚነጋልኝ። ‹‹እስ…›› ይላል ሊጡ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ክዳኑ። እመኑኝ፣ ከዚህ የተሻለ የማንቂያ ደወል ሞባይሌ ላይ የለም።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አንድ ሌሊት ግን የቀሰቀሰኝ የድምፁ መጥፋት ነው። ‹‹እስ…›› ካለ በኋላ ክዳኑ አልተነሳም። ወጣ ብዬ ሳይ ግቢው ጨለማ፣ መንገዱ ጨለማ፣ ማዶ ያለው የመስጊዱ አምፖል እንኳ የለም። እታለም በሻማ ብርሃን ከሁለት ባልዲ ሊጥ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

እንጀራ ጋግራችሁ የማታውቁ ወንድሞቼ (እህቶቼም አላችሁ፣ እንተዋወቃለን) ትንሽ ላብራራ። ሊጡ ለቀናት ይቦካል። ከዚያ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ ይበስልና ተመልሶ ይጨመርበታል፤ አብሲት መጣል ማለት ይኼ ነው። አብሲት የተጣለበት ሊጥ ኩፍ ይላል። ኩፍ ካለ በኋላ ቀጠሮ አይቀበልም። ወይ ምጣድ ላይ ይወጣል፣ ወይ ደግሞ ይወርድና ይሆመጥጣል፤ የሚወጣው እንጀራም ዓይን የለውም። ዓይን የሌለው እንጀራ ደግሞ ሆቴል አይረከብም።

‹‹አንተ›› አለችኝ፣ ዓይኗን ከሊጡ ሳትነቅል። ‹‹ለመሆኑ ይሄ መብራት ከየት ነው የሚመጣው?››

‹‹ከግድብ ነዋ።››

‹‹ከየትኛው ግድብ?››

‹‹ከ… ከሁሉም። ከውኃውም፣ ከነፋሱም፣ ከሁሉም ተደባልቆ ነው የሚመጣው።››

‹‹ከሁሉም ከመጣ ታዲያ እንዴት ሁሉም አንዴ ይጠፋል?››

መልስ አልነበረኝም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የወጣሁ፣ ስለ አገርና ስለ ዓለም በየሳምንቱ እዚህ የምፈላሰፍባችሁ ሰውዬ ዝም አልኩ። የአባይ ግድብ 13 ተርባይን እንዳለው በቃሌ አውቃለሁ። ኃይሉ እታለም ማድ ቤት እስኪደርስ በምን በምን እንደሚያልፍ ግን ጠይቄም አላውቅ።

ልብ በሉ፣ ጥያቄው የሌሊት ወሬ ብቻ አልነበረም። እታለም በዚያ ወር ዕቁብ ወጥቶላት ነበር። ዕቅዷ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ፣ አንዲት ረዳት ቀጥራ፣ በጓሮ ያለውን የሰጋቱራ ምድጃ ማፍረስ ነው። ሻሸመኔ የጣውላ አገር ስለሆነ ሰጋቱራ አይጠፋም። ከሃያ ዓመት በላይ የጋገረችውም በሱ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ነው። ዓይኗ ሁልጊዜ ያለቀሰች የሚመስለውም፣ ከክረምት እስከ ክረምት የምትስለውም ለዚሁ ነው። ሐኪሙ ‹‹ከጭስ ራቂ›› ብሏታል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ጉዳዩ ግን መብራቱ ላይ ተማምና ምድጃውን ማፍረስ ትችላለች ወይ ነው። በዚያ ሌሊት በሻማ ሆና የምታስላው ይኼንኑ ነበር። ሁለቱ ባልዲ ሊጥ ጠዋት ላይ የጎረቤት ላም በላው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለራሴ ጉዳይ አዳማ መሄድ ነበረብኝ። ‹‹እግረ መንገድህን የምጣድ ዋጋ ጠይቅልኝ›› አለችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ እግረ መንገዴን ጥያቄዋንም ይዤ ልሂድ አልኩ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ ግማሹ በዚያ መንገድ ዳርና ዳር የተኛ መሆኑን የገባኝ ያኔ ነው። ስንት ጊዜ ተመላልሼበት! አብዛኛውን ጊዜ ግን ተኝቼ ነው ያለፍኩት።

ከመነሳታችን በፊት አንድ መለኪያ እንያዝ። ሜጋ ዋት የሚባለው ቃል በዜና ብዛት ትርጉሙን አጥቷል። ‹‹ይህን ያህል ሜጋ ዋት›› ሲባል ራሳችንን ነቅንቀን ወደ ስፖርቱ ነው የምናልፈው። ስለዚህ በእታለም ምጣድ እንለካ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 3 ተኩል እንበል። አሁን በየቤቱ ያሉት ቆጣቢ አምፖሎች 10 ዋት ቢሆኑ፣ አንድ ምጣድ ማለት 350 አምፖል ማለት ነው። አንድ ሜጋ ዋት ደግሞ 285 ምጣድ ገደማ በአንድ ጊዜ ያስጥዳል (በመስመር ላይ የሚባክነውን ትተን)። ያዙልኝ።

ከሻሸመኔ ወደ ሰሜን ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ነበርኩ። ከተማውን ሳንለቅ ግን ወደኋላ ልመልሳችሁ። ልጆች ሆነን ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ስንሄድ፣ ከላይ ውኃው ከሚፈልቅበት ቦታ ድንችና በቆሎ በፌስታል አስረን እንቀቅል ነበር። ድንቹ የሻሸመኔ ነው፤ እሳቱ ግን ከመሬት። ማንም ‹‹ይህ ኃይል ነው›› ብሎ አልነገረንም። ለኛ የእግዜር ምድጃ ነበር። ሻላ ሐይቅ ዳር ያሉት ፍል ውኃዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ በቆሎ ቀቅለው ለጎብኚ የሚያቀርቡ ልጆች አሉ።

እና ከከተማችን ወደ ምዕራብ፣ በአጄ አቅጣጫ፣ በሻላና በሐዋሳ ሐይቆች መሐል ኮርቤቲ የሚባል ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ አለ። ውስጡ ኡርጂና ጨቢ የሚባሉ ተራሮች ተቀምጠዋል፤ እንፋሎት የሚተነፍሱ ቀዳዳዎችም አሏቸው። በ2006 ዓ.ም. አንድ የአይስላንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ፣ እዚያ እስከ 1,000 ሜጋ ዋት፣ በ4 ቢሊዮን ዶላር ግድም ሊያለማ ነው ሲባል ሻሸመኔ ውስጥ ስንቱ መሬት እንደተወደደ የደላሎቹ ልብ ያውቃል። በታኅሣሥ 2010 ደግሞ ለኮርቤቲና በአርሲ በኩል ላለው ቱሉ ሞዬ የኃይል ግዥ ስምምነት ተፈረመ። በእታለም መለኪያ፣ ከኮርቤቲ 500 ሜጋ ዋት ብቻ ቢወጣ 142 ሺህ ምጣድ ነው። እኔ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ከኮርቤቲ የመጣ ኤሌክትሪክ ግን አንድም ምጣድ አላሰማም። የከርሰ ምድር እንፋሎት እንዲህ ነው፤ ማገዶው ነፃ ሆኖ ክብሪቱ ውድ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚወጣው ጉድጓድ ላይ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ትቆፍራለህ፣ አንድ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል፣ ተቆፍሮም ባዶ ሊሆን ይችላል። ዕቁብ ጥለህ እጣው ይውጣ አይውጣ ሳታውቅ እንደመጠበቅ ነው።

አርሲ ነገሌን አልፈን ላንጋኖ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያዎች ተደርድረዋል። የግራር ከሰል። ሾፌሩ ቆሞ ሁለት ጆንያ ለአዳማ ደንበኛ ጫነ። እኔ በስተቀኝ በኩል አሉቶን እያየሁ ነበር። አሉቶ ማለት በላንጋኖና በዝዋይ ሐይቅ መሐል ዝም ብሎ የተጋደመው ተራራ ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም። ከሥሩ ግን በ1970ዎቹ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚግል ነገር ተገኝቶበታል። በ1991 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ እዚያ ተተከለ፤ 7 ሜጋ ዋት ገደማ። ሁለት ሺህ ምጣድ ማለት ነው። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተበላሸ፣ ቆመ፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በከፊል ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለማስፋፋት በጃፓንና በዓለም ባንክ ገንዘብ አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ የኬንያው የኃይል አመንጪ ድርጅት ራሱ መጥቶ ቆፍሯል። ከመንገዱ ብዙም ለማይርቅ ነገር፣ እዚህ ከሰል እየጫንን!

ኬንያ ስል አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ነገር ትንሽ ያቃጥለኛል። ስምጥ ሸለቆው አንድ ነው። እኛ ጋ ያለው ስንጥቅ እነሱም ጋ አለ። እነሱ ኦልካሪያ የሚባለው ቦታ ላይ የመጀመሪያዋን 15 ሜጋ ዋት እ.ኤ.አ. በ1981 አበሩ። ከዚያ አላቆሙም። ዛሬ የአገራቸው ኤሌክትሪክ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ከዚያው ከመሬት ሥር ነው፤ ዝናብ ቢቀርም አይቀርም። እኛ ጋ ደግሞ ከ90 በመቶ በላዩ ከወንዝ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ መስመር ተዘርግቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የኛን የወንዝ ኃይል እንሸጥላቸዋለን። ሱስዋ ራሱ እሳተ ገሞራ ነው፤ ለኦልካሪያም ጎረቤት ነው። መስመሩ የሚነሳበት ሶዶ ደግሞ ከሻሸመኔ በመኪና የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። መሸጡን አልቃወምም፤ ዶላር ያስፈልገናል። እንፋሎት ያለው ሁሉ እንፋሎቱን፣ ወንዝ ያለው ሁሉ ወንዙን ቢያዋጣ ጥሩ ዕቁብ ነው። እኛ ግን ሁለቱም አለን።

ዝዋይን፣ መቂን፣ ዓለም ጤናን አልፈን ቆቃ ሐይቅ ታየ። ሐይቅ እንለዋለን እንጂ የግድብ ውኃ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወርሮን ላደረሰው ጥፋት ከከፈለው ካሣ ነው የተሠራው፤ በ1952 ዓ.ም. ንጉሡ መርቀው ከፈቱት። 43.2 ሜጋ ዋት፤ 12 ሺህ ምጣድ። ከዚያ በፊት የነበረው ትልቁ፣ አዲስ አበባ አቅራቢያ አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል፣ 6 ሜጋ ዋት ግድም ነበር። ስለዚህ ቆቃ ለዘመኑ የአባይ ግድብ ነበር ማለት ትችላላችሁ፤ አያቶቻችን ‹‹አሁንስ መብራት አይጠፋም›› ብለው ይሆናል።

ቆቃ ላይ የምወደው ነገር ቁጠባው ነው። ከቆቃ ተርባይን የወጣው የአዋሽ ውኃ ትንሽ ወረድ ብሎ አዋሽ 2 ላይ ተመልሶ ይሠራል፤ ከዚያ ደግሞ አዋሽ 3 ላይ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጨመሩ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት። አንዱን ውኃ ሦስት ጊዜ ማሠራት! ከዚያም ያው ውኃ ወርዶ ሸንኮራ ያጠጣል። ወንጂ ላይ አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ ደግሞ ማሞቂያው ውስጥ ገብቶ ይነድና ፋብሪካውን በእንፋሎትና በኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳል። እታለም የሻይ ቅጠል ሁለቴ ስታፈላ ከምንስቅባት…

ችግሩ ደለል ነው። አዋሽ ከላይ ያለውን እርሻ አጥቦ ያመጣውን አፈር ቆቃ ላይ እያራገፈ ለስድሳ ዓመታት ኖሯል። አፈር በያዘው ቦታ ውኃ አይያዝም። ላዩን ደግሞ እምቦጭ ይዞታል። ከሚኒባሱ መስኮት አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ያምራል፤ ለማያውቅ ሰው።

ከሞጆ ወደ አዳማ ስንቃረብ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ወደ መስኮቱ ተሰበሰቡ። የነፋስ ተርባይኖቹ። የአዳማን ነፋስ እኛ የምናውቀው የፀጉር ጠላትና የአቧራ አባት ሆኖ ነበር። ለካ ሥራ ፈልጎ ነው። አዳማ 1 በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ 34 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51። አዳማ 2 በግንቦት 2007 ተመረቀ፤ 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት። ሁለቱንም የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፣ በቻይና ብድር። አንዱ ተርባይን በደንብ ሲነፍስለት ከ400 በላይ ምጣድ ይችላል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ግን የማይዞር አንድ አይተው ‹‹ይሄ ተበላሽቷል እንዴ?›› አሉኝ። ‹‹ነፋሱ ደክሞ ይሆናል አባባ›› አልኩ። ‹‹እንግዲያው እሱም እንደኛ ነው›› አሉና ተመቻችተው ተኙ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። 153 የሚለው ቁጥር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት ሌላ መንገድ ላይ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ በኮፈሌ አድርጋችሁ ወደ ዶዶላና አዳባ ብትሄዱ፣ ዋቢ ሸበሌ ላይ መልካ ዋከና አለ። እ.ኤ.አ. በ1988፣ በደርግ ጊዜ፣ በሶቪየትና በቼኮዝሎቫኪያ ድጋፍ ያለቀ ነው። አቅሙ 153 ሜጋ ዋት! ቁርጥ የአዳማ 2ን ያህል። በምጣድ ሁለቱም 43 ሺህ ገደማ ናቸው።

ግን አንድ ናቸው? እታለም ይህን ብትሰማ ‹‹ታዲያ አንዱ ለምን አይበቃም?›› ትል ነበር። የነፋስ ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ ሲለካ በአማካይ የሚሰጠው ከሙሉ አቅሙ ሲሶ ያህሉን ነው። ግድብም ቢሆን ሌት ተቀን ሙሉውን አይሠራም፤ ውኃው አይበቃውም። ልዩነቱ ሰዓቱን ማን ይመርጣል የሚለው ላይ ነው። መልካ ዋከና ቀን ውኃውን ይዞ ቆይቶ፣ አገሩ ሁሉ እራት ሲሠራ መልቀቅ ይችላል። ነፋስ ግን የፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ ስምንት ሰዓት ሌሊት ላይ መጥቶ ‹‹ውሰዱኝ›› ቢል ያን ጊዜ መውሰድ ነው እንጂ ማጠራቀሚያ ጎተራ የለውም። ጎተራ የሚሆነው ራሱ ግድቡ ነው። ነፋሱ ሲነፍስ የግድቡን በር ጠበብ ታደርጋለህ፤ ውኃው ይቆይልሃል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞቹ በሚቀጥኑበት ወራት ነው። ክረምት ላይ እሱ ሲደክም ግድቦቹ ይሞላሉ። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሳል፤ ልክ እንደ እታለምና እንደ እኔ።

እንግዲህ ‹‹ከሁሉም ተደባልቆ ነው የሚመጣው›› ያልኳት ውሸት አልነበረም። ከአዳማ ነፋስ፣ ከዋቢ ሸበሌ፣ ከአዋሽ፣ ከኦሞ፣ ከአባይ የመጣው ሁሉ አንድ መረብ ውስጥ ይገባል። አንዴ ከገባ በኋላ ይኼ የነፋስ፣ ይኼ የውኃ ብሎ የሚለየው የለም፤ ከአሥር እንስራ ወደ አንድ ጋን እንደተገለበጠ ጠላ ነው። የተቀዳው ያህል ደግሞ በዚያችው ቅጽበት መጨመር አለበት፤ ካልሆነ መረቡ ይናጋል። ለዚህ ነው አንድ ትልቅ ምንጭ በድንገት ሲወጣ ሩቅ ያለው ከተማ አብሮ የሚጨልመው። ለዚህ ነው ሁሉም ወንዝ ሆኖ ሲገኝ ድርቅ ሁሉንም በአንድ ቀን የሚነካው። በ2001 ዓ.ም. በፈረቃ ያሳለፍነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ የናንተ ሠፈር፣ ነገ የኛ። በግንቦት 2011 ደግሞ የግልገል ግቤ 3 ውኃ ቀንሶ፣ 1,870 ሜጋ ዋት ይችላል የተባለው ግድብ እያለ፣ አገሩ በሙሉ እንደገና ፈረቃ ገባ። ያኔ እታለም የፈረቃውን ሰሌዳ ማድ ቤት በር ላይ ለጥፋ፣ አብሲት የምትጥለው በሰሌዳው ነበር። ሰጋቱራ ምድጃውም ሥራ አልፈታም።

አዳማ ጉዳዬን ጨርሼ፣ ምጣድም ጠይቄ (ዋጋውን ባልናገር ይሻላል፣ ስትሰሙት ይጨምራል) ተመለስኩ። እታለምን ማድ ቤት ቁጭ አድርጌ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አሉቶን፣ ቆቃን፣ ሁለቱን 153ዎች። በጥሞና ሰማችኝ። በተለይ አንዱ ውኃ ሦስቴ ይሠራል የሚለውን ወደደችው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የአባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንደሚችልና በሷ መለኪያ ከ1.4 ሚሊዮን ምጣድ በላይ መሆኑንም ነገርኳት። እሷም ለዚያ ግድብ ቦንድ ገዝታለች፤ ወረቀቱ እስካሁን ቁምሳጥን ውስጥ አለ።

‹‹ጥሩ›› አለች። ‹‹እና ያን ሌሊት የጠፋው የትኛው ነበር?››

ይኼን ደግሞ የመለሰልን የሠፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ ሊጠግን መጥቶ ቡና እየጠጣ ነበር። ‹‹የትኛውም አልጠፋም›› አለ። ‹‹ግድቡም ነበር፣ ነፋሱም ነበር። ሻሸመኔ ራሷ ግማሿ በርታ ነበር። የጠፋው ትራንስፎርመራችን ላይ ነው። የበዓል ሰሞን አይደል? ሁሉም ምጣዱን አንዴ ጣደና ፊውዙ ተበላ።››

ተያየን። ስንት መንገድ ሄጄ፣ ከመሬት ሥር እስከ ተራራ አናት ምንጭ ስቆጥር የከረምኩት፣ ነገሩ ከቤታችን ሁለት መቶ ሜትር ላይ፣ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል! ምንጩ አሥር ይሁን ሃያ፣ ወደ ሠፈራችን የሚገባበት በር አንድ ነው፤ በዚያ በር ደግሞ ስንት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሊያልፍ እንደሚችል ልክ አለው። እታለም ጣቷን እያጠፈች ጎረቤቱን መቁጠር ጀመረች። የኛ አንድ፣ የጣውላ ቤቱ መጋዝ እንደ አራት ምጣድ፣ የወተት ቤቱ፣ ባለ ኬኩ፣ ከማዶ ያሉት ሦስት ጋጋሪዎች። ‹‹እነሱም ዕቁብ ሲወጣላቸው ሁለተኛ ምጣድ ይገዛሉ›› አለች። ‹‹ሁላችንም ጭሱን ከተውነው ያ ነገር አይችለንም ማለት ነው።››

‹‹ከአቅም በላይ ነው፣ ትልቅ ይተካ ብላችሁ አንድ ላይ አመልክቱ›› አለ ኤሌክትሪሺያኑ። ‹‹እስከዚያ ሰዓት ተከፋፈሉ።››

ሰዓት መከፋፈሉ ሐሳቡ የሱ ነው፤ ያስፈጸመችው ግን እታለም ናት። ከማዶ ያሉትን ሦስቱን ጋጋሪዎች ጠርታ ቡና አፍልታ፣ አንዷ ከማታ ሦስት ሰዓት፣ ሌላዋ ከስድስት፣ እሷ ከዘጠኝ፣ አራተኛዋ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ብለው ተከፋፈሉ። የአገሩን ትልልቅ ግድቦች የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚሠራውን ሥራ አራት ሴቶች በአንድ ጀበና ቡና ጨረሱት። መጀመሪያ የማታውን ማንም አልፈለገውም ነበር፤ ሊጡ ከሰዓት ላይ አብሲት ይፈልጋላ። በኋላ ከመሐላቸው ትንሽ ልጅ ያላት ወሰደችው፣ ሌሊት መተኛት ስለምትፈልግ። ማመልከቻውንም ጻፍኩላቸው፤ አሥራ ሰባት ሰው ፈርሞበታል። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ሁለተኛው ምጣድ ተገዛ። ሁለቱን አንድ ላይ የምትጥደው በፈረቃዋ ብቻ ነው። ረዳቷም ተቀጥራለች። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ስለሆነ በየወሩ ሒሳቧን በደብተር ትይዛለች፤ እስካሁን ከሰጋቱራውና ከቅጠሉ ዋጋ ጋር ስታስተያየው አልከፋትም። ሳሏ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልተዋትም።

የሰጋቱራው ምድጃ? አላፈረሰችውም። በላዩ ላይ ቆርቆሮ አልብሳ፣ ከቆርቆሮው በላይ የሽንኩርት ጆንያ አስቀምጣበታለች። ‹‹ለክረምት ነው›› ትላለች። የትኛው ክረምት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሠፈሩ ልጆች በሁለት ቋንቋ ነው የሚጮኹት፤ ‹‹መጣ!›› እና ‹‹ዹፌ!››። ከትናንት ወዲያ ስልክ እያወራን ሳለ ከጀርባዋ ያ ጩኸት ተሰማኝ። እታለም ወሬያችንን አቋርጣ ‹‹አዳማ ጋ ዛሬ ነፋስ አለ?›› አለችኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ በምን አውቄ? በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ የጎረቤት ልብስ ገመዱ ላይ ይራገባል።

‹‹ያለ ይመስለኛል›› አልኳት።

‹‹እንግዲያው አብሲቴን ልጣል›› ብላ ስልኩን ዘጋችው።